ገና ቀን አለው፣ ጣና ነፋስ አለው

የገና ሰሞን የባሕር ዳር ገበያ ሲደራ የሁላችንም ዓይን በዶሮው፣ በቅቤውና በሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ያርፋል። ከዚያ ገበያ ምን ያህሉ በውኃ ተሻግሮ እንደመጣ፣ ምን ያህሉስ መልሶ በውኃ እንደሚሻገር ግን ብዙ ጊዜ አናስበውም። የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ቡናና ጌሾ፣ በታንኳ ተከምሮ የሚመጣው የማገዶ እንጨት፣ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ፣ ቀረሶውና አምባዛው፣ ወደ ከተማዋ ሲገባ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ የልጆች ልብሱና የቤት ክዳን ቆርቆሮው ደግሞ በሐይቁ ላይ ወዳለችው ወደ ደቅ ደሴት ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሱት ሰዎች የበዓሉን ዋዜማ፣ አንዳንዴም በዓሉን ራሱን፣ የሚያሳልፉት ከጀልባቸው ሳይርቁ ነው። የእናቴ ወንድም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ናቸው። በልጅነቴም ሆነ ካደግሁ በኋላ የገናን ሳምንት ከእርሳቸው ጋር በጀልባ ላይ አሳልፌአለሁ፤ በዚያ ሳምንት ጀልባው የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ማዕድና የራሱ ሰዓት ያለው ቤት እንደሚሆን ስላየሁ፣ ስለዚያ ቤት በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ስለ ቤቱ ሰዓት ለመናገር ከነፋሱ መጀመር ይሻላል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ውኃ ሆኖ ሳለ፣ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሣ የሚፈጠረው ማዕበል አጭርና ተደራራቢ ነው፤ ጀልባው ከአንዱ ሳይወርድ ሌላው ይደርስበታል። ነፋሱ ደግሞ የሚነሣበት ሰዓት አለው። ቀን ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሽቅብ ሲወጣ፣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስለሆነች፣ ከሰዓት በኋላ ወደ እርሷ የሚመጣው ነፋስ ከሰሜን ተነሥቶ ያንን ሁሉ ውኃ እየገፋ ነው የሚደርሰው፤ የሚገፋበት መንገድ በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ያድጋል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፣ ከንጋት እስከ ረፋድ ያለው ውኃም እንደተነጠፈ ሰሌን ጸጥ ይላል።

በሌላ አገር፣ በሞቃት ባሕሮች ላይ በሸራ ጀልባ የሚኖሩ ሰዎች በዓል ሲደርስ ከደሴት ወደ ደሴት ለመሻገር ጥሩ ነፋስ ይጠብቃሉ። እኛ ዘንድ ግን ታንኳው በመቅዘፊያ፣ ጀልባው በሞተር ስለሚሄድ፣ የሚጠበቀው ነፋሱ ሳይሆን የነፋሱ አለመኖር ነው። አጎቴ ይህን ሲያስረዱ የሚናገሩት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በዓሉን ቀኑ ያመጣዋል፣ እኛን ግን የሚያደርሰን ጠዋቱ ነው» ይላሉ። ስለዚህ የእርሳቸው ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር ይበርዳል። ከተማዋን በቀትር ሙቀቷ ብቻ የሚያውቋት እንግዶች አያምኑም እንጂ፣ ጋቢ ሳይደርቡ ወደብ ላይ መቆም አይቻልም። ረዳቱ በባትሪ ብርሃን የጀልባውን ወለል ሳንቃ አንሥቶ ሌሊት የገባውን ውኃ በጣሳ እየጨለፈ ያወጣል፤ አጎቴ ናፍጣውን በእንጨት ይለካሉ፣ የመሪውን ሰንሰለት በእጃቸው ይፈትሻሉ፣ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አዙረው ያማትባሉ። የጸሎታቸውና የሥራቸው ቅደም ተከተል ተለዋውጦ አይቼ አላውቅም።

በጀልባው ላይ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ጭነቱ ነው። በዓሉ ምን ያህል እንደቀረበ የቀን መቁጠሪያ ሳያዩ ከጭነቱ ማወቅ ይቻላል። በመጀመሪያ የሚሻገሩት ጌሾና ብቅል ናቸው፣ ጠላው ቀደም ብሎ መጠንሰስ ስላለበት። ጌሾው የዘጌ ነው። ዘጌ ላይ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ የአገሩ ሰው ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር አያይዞ ይተርካል፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚውም ለጻድቁ የተሰጡ በረከቶች ናቸው ብሎ ያምናል። ያ ጫካ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየው በአብዛኛው በዚህ እምነት ነው ብዬ አስባለሁ፤ በሐይቁ ዙሪያ ደን እየተመናመነ ሲሄድ ዘጌ አሁንም ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከጌሾው ቀጥሎ ዘይቱ፣ ልብሱና ጫማው ይጫናል፤ ከዚያ ሽንኩርቱ በጆንያ ይመጣል፤ ከዚያ ሰው ይበዛል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ዶሮዎች በቅርጫት ይገባሉ፣ ከሐይቁ ዳር የታጨደው ቄጠማ ደግሞ በታንኳ ወደ ከተማ ይገባል። ቄጠማው ሲታይ ሥራው ሊያልቅ ነው ማለት ነው።

ጭነት መደልደል ጥበብ ነው። ከባዱ ጆንያ ከታች፣ በመሐል መስመር ይቀመጣል፤ ቆርቆሮ ካለ ነፋስ እንዳያነሣው ተጋድሞ በገመድ ይታሰራል፤ ከደቅ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጡ በጎች ከጎንና ከጎን ሳይሆን መሐል ላይ ይታሰራሉ፣ ምክንያቱም በግ ሲደነግጥ መንጋው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻልና። ሰውም እንዲሁ ነው። ማዕበል ሲመታ ተሳፋሪው በአንድነት ወደ ማዶው ጎን ቢጠጋ ጀልባው ይዘምማል፤ አጎቴ ገና ከወደብ ሳይነሡ ይህን ለሁሉም ይናገራሉ፣ «የፈራ ሰው በተቀመጠበት ይጸልይ እንጂ አይነሣ» ብለው። የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብስ የሚቀመጥ ሰው በእርሳቸው ጀልባ ላይ የለም። ጃኬቱ የሐበሻ ቀሚስ ያበላሻል ብለው የሚከራከሩ እህቶች ቢኖሩም ክርክሩ ረጅም አይሆንም።

የዋዜማው ጠዋት፣ ማለትም የታኅሣሥ 28 ንጋት፣ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ወደ ደቅ መግባት ያለበት ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ወደብ ላይ ይገኛል። አንድ ዓመት፣ ጀልባው ሞልቶ ገመዱ ሊፈታ ሲል፣ አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስራ በእጇ ይዛ እየሮጠች ደረሰች። አጎቴ የጀልባውን ጎን ተመለከቱ። ውኃው ሊያልፈው የማይገባውን በቀይ ቀለም የተሰመረ ምልክት ሊነካ ደርሶ ነበር፤ «እታለም፣ ሞልቷል» አሏት። እርሷም «ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ባለቤቴና ልጆቼ ማዶ ናቸው» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ጥሏት ይሄድ ነበር፣ ወይ «ምን ይሆናል» ብሎ ይጭናት ነበር። እርሳቸው ግን ሁለቱንም አላደረጉም። ረዳቱን ጠርተው የአንድ ነጋዴ የሆነውን ስኳር ሁለት ኩንታል እንዲያወርድ አዘዙት። ነጋዴው አጠገባችን ቆሞ ስለነበር ፊቱ ተለወጠ። «ስኳር ከበዓሉ በኋላም ይጣፍጣል፤ ሰው ግን ዛሬ ቤቱ መግባት አለበት» አሉት። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ራሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጆንያ ከረዳቱ ጋር ያዘ። እኔ በዚያ ሳምንት ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በዓል የሚለውን ስም የሚመጥነው ያ ድርጊት ይመስለኛል፤ የቀይ መስመሩ መከበርና የሴትዮዋ መሳፈር አንዱ ሌላውን ሳይሽር ተፈጸመ።

ከባሕር ዳር ደቅ በአጎቴ ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መጀመሪያ የክብራን ገብርኤልና የእንጦስ ደሴቶች ይታያሉ፣ ከዚያ ዘጌ በግራ ቀስ እያለ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወሬ የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ የሚለው ሁሉ ደቅ ሳይደረስ ያልቃል፤ ወረዳው ላይ ከወር በኋላ የሚሰማውን ጉዳይ በጀልባ ላይ ቀድሞ መስማት ይቻላል። አልፎ አልፎ ታንኳ ያጋጥመናል። የተሠራበት ደንገል ውኃ ጠግቦ የከበደ ታንኳ ከሩቅ ሲታይ ቀዛፊው ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አጎቴ ታንኳ ሲያዩ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳሉ፣ የጀልባው ሞገድ እንዳይገለብጠው። ታንኳ ወራት እንጂ ዓመታት አይቆይም፤ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ መድረቅ፣ ሲያረጅም በአዲስ መተካት አለበት። ይህን ሙያ ይዘው ያቆዩት በተለይ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው፤ በየዳርቻው ደንገሉ እየተነቀለ መሬቱ ሲታረስ መጀመሪያ የሚጎዳው የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ የውኃ አረም መጥቷል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል፣ ይበልጥ በርትቶ ሳለ፣ ከዚያ ተቆርጦ የሚንሳፈፈው ክፋይ በነፋስ እየተገፋ ይጓዛል፤ በሞተሩ ማሽከርከሪያ ላይ ሲጠመጠም ሞተር ጠፍቶ፣ ረዳቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በቢላ እየቆረጠ ማላቀቅ አለበት። ሐይቁና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገብ ደስ ያለኝን ያህል፣ ያ መዝገብ ለረዳቱ ቢላ ዕረፍት እንዲያመጣለት እመኛለሁ።

ስለ ምግቡ ልናገር። እስከ ዋዜማው ምሽት ድረስ ጾም ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ጀልባው በሚጓዝበት ጊዜ እሳት አይነድም። ናፍጣ ባለበት ሥፍራ ከሰል ማቀጣጠል በአጎቴ ዘንድ ክልክል ስለሆነ፣ የመንገዱ ምግብ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ከቤት የመጣ ድርቆሽ ነው። በሶው በጀሪካን ከባሕር ዳር ቧንቧ በተቀዳ ውኃ ይበጠበጣል፤ አንድ ኩባያ በየተራ ይዞራል። ጀልባው ከታሰረ በኋላ ረዳቱ ምድጃውን ዳርቻው ላይ፣ ድንጋይ ከልሎ ያቀጣጥላል፤ ሽሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። ባሕር ዳር ላይ በጾም ወራት ዓሣ በጣም ይፈለጋል፣ በምእመናኑ ዘንድ ግን የሚበላም የማይበላም አለ። አጎቴ ከማይበሉት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው ያጠመደውን ቀረሶ ሲያመላልሱ ውለው፣ ማታ ሽሮ በሚጥሚጣ ይበላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ማንንም ሲነቅፉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በዋዜማው ጉዞ ደቅ ከመድረሳችን በፊት ዳጋ እስጢፋኖስ እንቆማለን፣ ለገዳሙ የሚደርስ ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ስለሚኖር። ዳጋ የወንዶች ገዳም ነው፤ የአፄ ዘርአ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም በዚያ እንዳለ ይታወቃል። እኔ ሴት ስለሆንኩ አልወጣም። ወንዶቹ ዕቃውን ተሸክመው በዛፎቹ መሐል ሽቅብ ሲሄዱ፣ እኛ ሴቶቹ ጀልባው ላይ እንቀራለን። ይህን የመቆያ ጊዜ እንደ ማጣት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን በጉዞው ሁሉ የምወደው ያንን ሰዓት ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ጀልባው የዳርቻውን ድንጋይ ቀስ እያለ ይነካል። አንድ ጊዜ አጠገቤ የነበሩ እማሆይ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ጎንበስ ብለው የጀልባውን ጠርዝ በግንባራቸው ነኩና ሳሙት። ቀለሙ የተላጠ፣ የናፍጣ ሽታ ያለው እንጨት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ መሳለም ስላልቻሉ፣ ወደ ደጃፉ ያደረሳቸውን ተሳለሙ። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ አደረጉ፤ እኔም አደረግሁ።

የገና ሌሊት ጀልባው ደቅ ላይ፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ ታስሮ ያድራል። ሕዝቡ በየደብሩ ይሄዳል። ብዙው ሰው የሚያመራው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ወዳሠሯት፣ በደሴቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ናርጋ ሥላሴ ነው። ጀልባውን ግን አንድ ሰው መጠበቅ አለበት። ሌሊት ነፋስ ገመድ ሊፈታ፣ ውኃ ወለሉን ሊሞላ ይችላል። ይህን ጥበቃ አጎቴ ለማንም ሰጥተው አያውቁም፤ «እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ማሕሌቱን ስሙ፤ እኔ ብዙ ሰምቻለሁ» ብለው ረዳቶቹን ያሰናብታሉ። እኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ማሕሌቱን እሰማለሁ። ካህናቱና ደብተራዎቹ ከበሮውና ጸናጽሉ እየተመታ በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ፣ የኖራ ግድግዳውና ሥዕሎቹ በጧፍ ብርሃን ሲታዩ፣ ሰው ድካሙን ይረሳል። ቅዳሴው ሲጠናቀቅ ገና አልነጋም። በዚያ ሰዓት የደሴቱ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ ወደ ጀልባውም ምግብ ይመጣል። ዶሮ ወጥ በድስት፣ እንጀራ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጠላ በጠርሙስ። አምጪዎቹ ዘመዶቻችን አይደሉም። በጋ ከክረምት ዕቃቸውን፣ ሕመምተኛቸውን፣ አንዳንዴም አስከሬናቸውን ያሻገሩላቸው ሰዎች ናቸው። አንዷ እናት ሁልጊዜ የምትመርጠውን ብልት፣ ፈረሰኛውን፣ «ይህ የካፒቴኑ ነው» ብላ ለብቻው በሳህን አስቀምጣ ታመጣለች። አጎቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ በሞተሩ ሣጥን ክዳን ላይ ተቀምጠው ጾማቸውን ይፈታሉ። ብቻቸውን አይበሉም፤ ለእያንዳንዳችን ያጎርሳሉ፣ ሳህኑን ያመጣውንም ልጅ ሳያጎርሱ አይሰዱትም።

የገና ዕለት ጀልባው አይነሣም። ከቀትር በኋላ ወጣቶቹ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ደቅ ላይ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጥንጓ ዒላማዋን ስታ ሽማግሌዎቹ ወደ ተቀመጡበት ብትመጣም የሚቆጣ የለም። ረዳቶቹ ይጫወታሉ። አጎቴ ይተኛሉ። በሳምንቱ ውስጥ በብርሃን ሲተኙ የማየው ያኔ ብቻ ነው፤ ውኃው ከሰሜን እየተንተከተከ ጀልባውን ሲንጠው እንኳ አይነቁም፣ ገመዱ ጠበቅ ብሎ ድምፅ ሲያሰማ ግን ወዲያው ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እንቅልፋቸውም ሥራ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 30 ንጋት ላይ መመለስ ይጀመራል። ሰሜኑ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር ስለሚገፋ፣ መመለሱ የሚቀል የሚመስላቸው አሉ፤ ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ግን የጀልባውን ጀርባ አንሥቶ አቅጣጫውን ሊያስተው ስለሚችል፣ አጎቴ የመልሱንም ጉዞ በጠዋት ነው የሚያደርጉት። በመልሱ የሚሳፈሩት ተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የታመመ የሚያሳክሙ ሰዎች ናቸው። ጭነቱ ቀለል ይላል። የነጋዴው ስኳር በዚያ ዓመት በተከታዩ ጉዞ ተጭኖ ሄዷል፣ ኪራዩንም አጎቴ አልተቀበሉትም። ወደቡ ላይ እንደደረስን ረዳቱ ወለሉን ያጥባል፣ አጎቴ ደግሞ ከናፍጣ ነጋዴው ጋር ስለ ጥምቀት ይነጋገራሉ። ጥር 11 ሁለት ሳምንት አይሞላውም። ለጥምቀት የሚሻገረው ሰው ከገናው ይበዛል፣ ስለዚህ አሥር ተጨማሪ የሕይወት አድን ጃኬት ከየት እንደሚገኝ ይጠያየቃሉ፤ አጎቴም የሐይቁ ውኃ በየሳምንቱ እየቀነሰ ስለሆነ በመውረጃው አጠገብ ብቅ ያለውን ድንጋይ ለረዳቱ በጣታቸው ያሳዩትና ከነገ ጀምሮ ጀልባውን ከእርሱ ወዲህ እንዲያስር ይነግሩታል።